በረኛው በመስኮቱ ላይ

በአቃቂ ትልቅ ፎቶ መልካም ነገር አልነበረም። ጉርድ ለመታወቂያ ነው፣ ፖስት ካርድ የምታክለው ለሠርግና ለክርስትና፤ ከዚያ አልፎ አንድ ሰው ብቻውን፣ ፊቱ ሰፌድ አክሎ ከታየ ግን ያ ሰው ሞቷል። ዘመዶቹ ከመታወቂያው ላይ አሳድገውለታል፣ ዙሪያውን ጥቁር ካርቶን አስደርገውለታል፣ ነገ ለቅሶው ላይ እህት ወይም እናት ደረቷ ላይ አቅፋው ትዞራለች። ይህን ለአቃቂ ሰው ያስተማረው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ ቀናው ወልደሚካኤል ነው። ኋላ ላይ «አላሰብኩትም» ማለቱ የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው።

ቀናው የምድር ባቡር ልጅ ነው። አባቱ ሃዲድ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን መዶሻውን ትቶ ካሜራ ያዘና ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየ። ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ ሰፊ ሆኖ ወደ መንገዱ የሚያይ። አሳድጎ የጨረሰውን የሟች ፎቶ ባለቤቶቹ መጥተው እስኪወስዱት ድረስ እዚያ መስኮት ላይ ያቆመዋል። የፋብሪካ ሴቶች ከፈረቃ ሲወጡ ቆም ብለው ያያሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠያየቃሉ። ከወንዙ ማዶ ለገበያ የሚመጡት ገበሬዎችም ፊደል ባይቆጥሩ ያን መስኮት ማንበብ ያውቁበት ነበር።

እሱ ግን ሙታን ሰልችተውታል። ልቡ ኳስ ሜዳ ነው ያለው። እሑድ እሑድ የምድር ባቡርና የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲጋጠሙ መስመር ዳር ተንበርክኮ ያነሳል፤ የሚጋጨውን እግር፣ አየር ላይ የተንጠለጠለውን ሰው፣ ሲጮህ አፉ የተከፈተውን ተመልካች። አራት ዓመት ካከማቸው ውስጥ ሃያውን መርጦ አልበም ላይ ለጠፈና በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ፒያሳ ወዳለው ትልቅ ፎቶ ቤት ይዞት ሄደ። እዚያ ሁለተኛ ፎቶ አንሺ ይፈለጋል የሚል ወሬ ሰምቶ ነበር። ያን ሥራ ካገኘ ዳግመኛ የሬሳ መታወቂያ ላያሳድግ ለራሱ ምሏል፤ በዚያ ሰሞን ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

የቤቱ ባለቤት ሙሴ ሃጎፕ የሚባሉ ሽማግሌ አርመን ነበሩ። አልበሙን ቀስ ብለው ገለጡት። መጀመሪያ የጠየቁት እነዚህ ልጆች ፎቷቸው እዚህ መምጣቱን ያውቃሉ ወይ ብለው ነው። ቀናው ጨዋታው በአደባባይ የተደረገ እንደሆነና ማንም ሊያየው እንደሚችል መለሰላቸው። ሙሴ ሃጎፕ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ማለታቸው ይሁን እምቢ አልገባውም። ከዚያ ፎቶዎቹ ነፍስ እንዳላቸው፣ ግን እግርና ኳስ ብቻ እንደሆኑ፣ በሃያው ውስጥ አንድም ፊት እንዳላገኙ ነገሩት። ወደ እሳቸው ቤት የሚመጣ ሰው ኳስ ይዞ እንደማይመጣ፣ ይዞ የሚመጣው ፊቱን ብቻ እንደሆነ ጨመሩበት። ይህን ብለው ከመሳቢያቸው ሁለት ሌንስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዘም ያለ።

«ይሄ ሰማንያ አምስት ነው» አሉ አጭሩን እየነኩ። «ሰውየው አጠገብ ትቆማለህ፣ ታናግረዋለህ፣ እሱም ያይሃል። ያኛው መቶ ሠላሳ አምስት ነው። ከሩቅ ትወስዳለህ፣ ሰውየው አያውቅህም። ሁለቱም ፊት ያነሳሉ። ውሰዳቸውና ሞክር፤ የዛሬ ሳምንት አንዱን መልስ፣ ከአንዱ ጋር አንድ ፊት አምጣልኝ። የቱን እንደመረጥክ ሳይ አንተን አውቅሃለሁ።»

ቀናው በከሰዓቱ ባቡር ሲመለስ ሁለቱንም ጭኑ ላይ አቅፎ ነበር። እቤት እንደደረሰ አጭሩን ካሜራው ላይ አጥልቆ ሚስቱን አሰጋሽን በር ላይ አቆማት። አሰጋሽ ሻሿን አስተካከለች፣ አፏን ገጠመች፣ ዓይኗን አፍጥጣ ትንፋሿን ያዘች። ጎረቤቱን ሞከረ፤ እሱም እንደዚያው ደረቀ። የአቃቂ ሰው ካሜራ ሲቀርበው መታወቂያ ትዝ ይለዋል። በሰማንያ አምስቱ ለማንሳት ወንበር ስቦ መቀመጥ፣ ስለ ልጅ ስለ ከብት መጨዋወት፣ ሰውየው ካሜራውን እስኪረሳ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ቀናው ደግሞ ሥራ እንጂ ወግ አይወድም። ረጅሙን አጠለቀና ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሰፋውን ሰውዬ አየው። የሰውየው ፊት ዓይኑ ሥር መጣ፤ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ ማንም እንደሚያየው ሳያውቅ። ሳይነካው ኪሱ የገባ ያህል ደስ አለው።

በማግስቱ እሑድ የሠራተኞቹ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ሜዳው ረግረግ ሆኗል። የምድር ባቡሩ በረኛ ዱጉማ ሮሪሳ ይባላል፤ የዕቃ ባቡር ላይ ፍሬን የሚይዝ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባቱ ሞተዋል፤ ከወንዙ ማዶ በገላን በኩል እናቱ እማማ ፀሐይቱ በእሱ ብቻ ይኖራሉ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እማማ ፀሐይቱም ልጃቸው ባቡር ላይ መሥራቱን አንድም ቀን ወደውት አያውቁም። ድሬዳዋ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ቀን ሁሉ በጭንቅ ነው የሚያሳልፉት፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው ለጨርቅ ፋብሪካው ሪጎሬ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሰጠ። ሜዳው ጸጥ አለ። ቀናው ከመስመሩ ዳር፣ ከጎሉ ሃያ እርምጃ ርቆ በረጅሙ ሌንስ የዱጉማን ፊት ብቻ ያዘ። ዱጉማ ኳሱን አይመለከትም፤ የሚመታውን ሰው እግርም አይመለከትም። ጭቃ የነካው ግንባሩ ላብ አውጥቷል፣ ዓይኑ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቷል፣ ከንፈሩ ሊከፈት ሲል ቆሟል። ቀናው አነሳ። ዱጉማ ወደ ቀኝ ወድቆ ኳሱን አወጣውና ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ያን ጩኸት ቀናው አልሰማውም፤ እጁ ውስጥ ምን እንዳለ አውቆ ነበር።

ሰኞ ፊልሙን አጠበ፣ ማታውን አሳደገው። ፊቱ ከወረቀቱ ላይ ሲወጣ አሰጋሽን ጠራት። እሷ አየችውና ሰውየው የት እንዳለ ጠየቀችው። ረጅሙ ሌንስ ከዱጉማ ኋላ ያለውን ሁሉ አጥፍቶታል፤ ጎሉም፣ ሰዉም፣ ሰማዩም የለም፣ ጥቁር ግራጫ ብቻ። ቀናው የፎቶው ውበት ይህ እንደሆነ አስረዳት። እሷ ግን ሰው ቢያንስ መቆሚያ መሬት ሊኖረው ይገባል ብላ ወጣች።

ማክሰኞ በጥቁር ካርቶን ላይ ለጠፈው። ሙሴ ሃጎፕ ቤት ያየው ሁሉ በጥቁር ካርቶን ላይ ነበር፤ ፊት በጥቁር ላይ ይጎላል። ከዚያ መንገደኛ ሲያየው ምን እንደሚመስል ለማወቅ መስኮቱ ላይ አቆመውና መንገዱን ተሻግሮ ተመለከተው። አሰጋሽ በር ላይ ቆማ በሰው ልጅ ላይ አታሟርት አለችው። ቀናው ሙያ እንደማይገባት፣ ለጥቂት ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ይዞት እንደሚሄድ ነገራት። ደስ ብሎት ስለነበር ቁጣዋ አልከበደውም።

ረቡዕ ማለዳ ዱጉማ ራሱ መጣ። የሥራ ልብሱን ለብሷል፣ ስንቁን ይዟል፤ ባቡሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል። መስኮቱ ፊት ቆሞ ራሱን አየ። ከዚያ ገብቶ ሰላምታውን በደንብ ከጨረሰ በኋላ ነው የመጣበትን የተናገረው። ጣቢያው ላይ አንድ ሰው ሲያየው ደንግጦ እንዳማተበ ነገረውና ሳቅ አለ።

«አልበምህ ውስጥ አድርገው፣ ለፈረንጁም አሳየው፣ አልከለክልህም» አለ ዱጉማ። «ሜዳ ላይ ከሌሎቹ ጋር ነኝ። እዚህ ብቻዬን ነኝ። ነገ ገበያ ነው፤ እናቴ በዚህ ነው የምታልፈው። አንሳልኝ።»

ቀናው ዛሬውኑ አነሳዋለሁ አለ። የዋሸ አልመሰለውም፤ በእርግጥም ሊያነሳው አስቦ ነበር። ዱጉማ አመስግኖ ወጣ፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ተሰማ። ከዚያ አንድ የፋብሪካ ኃላፊ ጉርድ ሊነሳ መጣና መስኮቱ ላይ ያለውን ፎቶ ማን እንዳነሳው እየደነቀው ጠየቀ። ቀናው እንዲህ ያለ ምስጋና በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። እስከ ማታ ይቆይ አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ጠዋት ላንሳው አለ። ዛሬ ነገ ማለት ማንንም ገድሎ አያውቅም ብሎ ያሰበ ይመስለኛል።

ሐሙስ ገበያው ከረፋዱ ሞቀ። ቀናው ከባንኮኒው ኋላ፣ ከመስኮቱ አራት አምስት እርምጃ ርቆ፣ ረጅሙን ሌንስ የተሸከመውን ካሜራ እየወለወለ ነበር። አንዲት አሮጊት ጌሾ የያዘ እንቅብ አዝለው በመስኮቱ አለፉ። አለፉና ተመለሱ። ከካርቶኑ ጀርባ በላይ ፊታቸው ብቻ ይታይ ነበር፤ የደጁ ብርሃን ሙሉ በሙሉ አርፎበታል። መስታወቱ ስለሚያብረቀርቅ እሳቸው ውስጡን አያዩም።

ማን እንደሆኑ ለማየት ካሜራውን አነሳ። እንዲህ ብሎ ነው ኋላ ለአሰጋሽ የነገራት፤ እኔም እስከዚህ ድረስ አምነዋለሁ። ሌንሱ ፊታቸውን አቀረበለትና አወቃቸው፤ አምና ዱጉማ ሜዳ ይዟቸው መጥቶ ኳስ ጨዋታ ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ አይቷቸዋል። እማማ ፀሐይቱ ነበሩ። አወቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ጣቱ ወረደ። ገና አልገባቸውም ነበር፤ ዓይናቸው የልጃቸውን ፊት አግኝቶ ሊስቅ ነበር። ፊልሙን አዞረ። ዓይናቸው ጥቁሩን ዙሪያ አየ፣ ደግሞ ወደ ፊቱ ተመለሰ፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። አነሳ፣ አዞረ። እጃቸው ወረደና ከንፈራቸው ያለ ድምፅ አንድ ስም ጠራ። ሦስተኛውን አነሳ። ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ የሄደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

«እማማ፣ ዱጉማ እኮ ደህና ነው» አላቸው።

እማማ ፀሐይቱ ዞረው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም እሱ ያሳዘናቸው ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «ደህና ነው። አውቃለሁ።» እንቅባቸውን አስተካክለው ወደ ጣቢያው አመሩ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሞት በገበያ መሃል አይነገርም። ልጇ የሞተባት እናት መንገድ ላይ ብትጠይቅህ ደህና ነው ትላለህ፤ ትንሽ አሞት ነበር ትላለህ፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጇ ላይ እስኪቆም ድረስ እውነቱን አፍህ ውስጥ ትይዛለህ። መርዶ እንደዚያ ነው። እማማ ፀሐይቱ በስድሳ ዓመታቸው ስንቱን መርዶ አብረው ደብቀዋል፣ ለስንቷ ደህና ነው ብለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አሁን ተራው የእሳቸው መሆኑን ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለጋቸውም። የጣቢያው ሹም ልጅዎ እሑድ ጠዋት በሚገባው ባቡር ይመጣል አሏቸው። እማማ ፀሐይቱም ባቡሩ ምን ጭኖ እንደሚመጣ ብቻ ጠየቁ። ሹሙ ዕቃ ነው አሉ። እማማ ፀሐይቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

አሰጋሽ ከገበያ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ባሏን አሁኑኑ ወንዙን ተሻግረህ እግራቸው ላይ ወድቀህ ንገራቸው አለችው። ቀናው እሺ አለ፤ ፊልሙን ብቻ ልጠበው አለ። ጨለማ ክፍል ገብቶ አጠበ፣ አደረቀ፣ አሳደገ። ሦስተኛዋ ከወረቀቱ ላይ ስትወጣ ጎንበስ ብሎ አያት። የተሰማው ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነበር፣ ከደስታው ሥር ደግሞ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ነበር፤ ያን ቀዝቃዛ ነገር ሊያየው አልፈለገም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት አላነሳም፤ ሙሴ ሃጎፕም አላነሱም። የዱጉማ ፎቶ አጠገቧ ሲቀመጥ የልጅ ሥራ መሰለው። ስለዚህ ሄዶ ከመስኮቱ ላይ አነሳው።

ይህም ሌላ ጥፋት ሆነ። ፎቶ ከቀናው መስኮት ላይ ከተነሳ ባለቤቶቹ ለለቅሶው ወስደውታል ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ባዶውን መስኮት አይተው ወንዙን ተሻገሩ፤ ያዩትንም ይዘው ነው የተሻገሩት።

ቀናው ራሱ አልሄደም። የምድር ባቡሩን ቡድን አምበል ቡልቻን ለምኖ ላከው። ቡልቻ ቅን ሰው ነው፤ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ዓርብ ከሥራ በፊት ሊደርስ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ብርድ ስለነበር ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። እስቲ አስቡት፤ ሦስት ሰዎች፣ ጋቢ ለብሰው፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ልጅ ብቻ ወዳላት ሴት ደጅ። እማማ ፀሐይቱ ከሩቅ አይተዋቸው ጓሮ ውስጥ ቁጭ አሉ። ቡልቻ በኋላ ሲናገር የተናገርኩት ቃል ሁሉ እውነት ነበር፣ ከአፌ ሲወጣ ግን ውሸት ይመስል ነበር ብሏል። ዱጉማ በሕይወት አለ ብሎ በማርያም ማለላቸው። እማማ ፀሐይቱ እንዲህ ቀስ በቀስ ስለሚነግሯቸው አመሰገኗቸው፤ ከዚያ ሬሳው እሑድ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠየቁ። እዚያው ሰፈር ያሉት ወንድሞቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እስከ እሑድ እንዲጠብቋቸው ተማከሩ፤ ልጁ ራሱ ሲመጣ ያኔ ያምናሉ ተባለ። ሌላ መላ አልነበረም።

ቡልቻ ተመልሶ ይህን ሲነግረው ቀናው እኔ ብሄድ ምን እጨምራለሁ አለ። አሰጋሽ ፎቶውን የሠራኸው አንተ ነህ፣ እንዴት እንደሠራኸው አንተ ብታሳያቸው፣ ካሜራውን ይዘህ እዚያው ደጃቸው ላይ ብታሳያቸው ይገባቸዋል አለችው። እውነቷን ነበር። ነገ ግን ቅዳሜ ነው። ቀናው ከፒያሳ ስመለስ እሄዳለሁ ብሎ ማለ። አሰጋሽ ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ አላናገረችውም።

ቅዳሜ ሙሴ ሃጎፕ አልበሙን ከመጨረሻው ገለጡት። እማማ ፀሐይቱ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ውጭ ዝናቡ የፒያሳን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ምን ብለሃት ነው እንዲህ የሆነችው?» አሉ።

ቀናው ምንም አላልኳትም አለ። ሽማግሌው ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀናው የመለሰላቸውን ሰማንያ አምስት አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱና የዛሬ ሳምንት ሰኞ ሥራ ጀምር አሉት። ፎቶዋን እዚያው አስቀሩ። እጁን ሲጨብጡት እጃቸው ቶሎ ለቀቀው፤ ቀናው ይህን ልብ አላለም፤ ወይም ልብ ብሎ ዝም አለ። አቃቂ ሲደርስ ጨልሞ፣ ወንዙም ሞልቶ ነበርና ወደ ማዶ አልሄደም።

እሑድ ጠዋት አሰጋሽ ቀድማ ተነስታ ልብሱን አቀበለችው። ጣቢያ ሄደው ዱጉማን ከባቡሩ እንዳወረዱ ይዘውት ሊሻገሩ ነው። ቡልቻም መጣ። ባቡሩ ከሞጆ በኩል አፏጭቶ ገባ፤ ዱጉማ የብርቱካን ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። ሦስቱን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ማንም መልሶ አልሳቀም። ቡልቻ ነገሩን እየተንተባተበ ነገረው። ዱጉማ ወደ ቀናው አንዴ ብቻ ዞሮ አየና በሃዲዱ ላይ ወደ ድልድዩ መሮጥ ጀመረ። ብርቱካኑ ጣቢያው ላይ ቀረ።

እናቱ ግን ቀድመውታል። ወንድሞቻቸው ሌሊቱን ሲጠብቋቸው አድረው ንጋት ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። እማማ ፀሐይቱ ልጃቸውን ጣቢያው ላይ ራሳቸው ሊቀበሉት ተነስተው ወጡ። በድልድዩ ቢሄዱ ሰው ያያቸዋል፣ ሰው ካየ ይይዛቸዋል፣ ደህና ነው ይላቸዋል። ስለዚህ በድሮው መሻገሪያ ወረዱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የአቃቂ ወንዝ በዚያ ክረምት ግን ማሳሳቅ አያውቅም። ባቡሩ ሲያፏጭ የሰሙት ውሃው ውስጥ ሆነው ይሁን ገና ዳር ላይ ማንም አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ ታች፣ ሾላው ሥር ተገኙ።

በሠልስቱ ማግስት ዱጉማ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ራሱን ተላጭቷል። አሰጋሽ ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም። የመጣው ለጠብ አልነበረም። ሰዎች የእናቱን ፎቶ ሲጠይቁት እቤታቸው አንድም እንደሌለ፣ እናቱ መታወቂያ እንኳ አውጥታ እንደማታውቅ ነገረው። ቀናው ገበያ ሲወጣና ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ስለሚያነሳ ምናልባት ከሰው መሃል፣ ከኋላም ቢሆን፣ እናቱ ያለችበት ይኖረው እንደሆነ ጠየቀው። ቀናው የለኝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አያውቅም፤ ከአሰጋሽ በቀር። አሰጋሽ ደግሞ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ጨለማ ክፍል ገባ፣ ለራሱ ያስቀረውን አንድ ፎቶ ይዞ ወጣ፣ አቀበለው።

ዱጉማ ወደ ብርሃኑ ዞሮ ያዘው። ፊቱ መጀመሪያ ለሰለሰ። እናቱን በእንዲህ ያለ ቅርበት አይቷት አያውቅም፤ በጣቱ ጉንጯን ሊነካ ቃጣና ተወው። ቆይቶ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለ።

ቀናው «አንተን» አለ።

ዱጉማ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መስኮቱ ባዶ ነበር። ከመስኮቱ ወደ ባንኮኒው፣ ከባንኮኒው ወደ ቀናው ተመለከተ። አንተ የት ቆመህ ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ አልጨመረም። ቀናው ከባንኮኒው ኋላ ያለውን ቦታ በእጁ አሳየው። ዱጉማ ዞሮ መጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ ከዚያ ወደ በሩ ተራመደ። ሰው ሜዳ እንደሚለካ እየቆጠረ፣ ቀስ ብሎ ነው የተራመደው። አምስተኛው እርምጃ ላይ እጁ በሩን ነካ።

እዚያ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከፍቶ ወጣ፤ በሩን አልዘጋውም። ፎቶውን ይዞት ሄደ፤ ሌላ አልነበረውማ።